ጥርኝ ውኃ፦ ስለ ሃይማኖትና ስለ ምግባር

ሰው በምን ይድናል የሚለው ጥያቄ ከክርስትና ጋር አብሮ የተወለደ፣ ሊቃውንትን ከሊቃውንት፣ ጉባኤን ከጉባኤ፣ አልፎም መንግሥትን ከመንግሥት ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ በልደታ በኩል በጌጃ ሰፈር የሚኖር ሰው ግን ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ከማንበቡ አስቀድሞ በሰፈሩ መንገድ ላይ ያገኘዋል። በዚህ አካባቢ፣ በእግር ለሚሄድ ሰው እምብዛም በማይርቅ ቦታ፣ የልደታ ለማርያም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የጌጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን፣ በከተማይቱም የልደታ ካቶሊክ ካቴድራል ይገኛሉ፤ ሦስቱም አንዱን ወንጌል ያነባሉ፣ አንዱን ጌታ ያመልካሉ፤ ነገር ግን ሰው ለድኅነቱ ማመኑ ይበቃዋልን ወይስ መልካም መሥራትም ይጠበቅበታል ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ቃላቸው አንድ አይሆንም። እሑድ ጧት ነጠላውን አጣፍቶ ልደታን ሊሳለም የሚሄደው ሰውና መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ወደ ቃለ ሕይወት የሚገባው ጎረቤቱ በአንድ በር ወጥተው በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ዕድር ያዋጣሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይጠይቀዋል፤ ስለ ድኅነት የተነጋገሩ እንደሆነ ግን አንዱ «አንተ በሥራህ ልትጸድቅ ትፈልጋለህ» ሲል፣ ሌላው «አንተ ደግሞ አምኛለሁ ብለህ እጅህን አጣጥፈህ ተቀምጠሃል» ይለዋል።

እነዚህ ሁለት ወቀሳዎች ለረዥም ዘመን ሲነገሩ የኖሩ ናቸው፤ እኔ ግን ሁለቱም ከተነገረባቸው ሰዎች ትምህርት ጋር የማይገጥሙ ይመስሉኛል። ክርክሩ የሚበላሸው ሰጪው ከምግባሩ ምን እንደሚያገኝ ብቻ እየተመረመረ፣ ምግባሩ የተደረገለት ሰው፣ ማለት የተራበው፣ የታመመው፣ የታሰረው ሰው ከክርክሩ ሲወጣ ነው።

አስቀድመን እያንዳንዱ ወገን የሚያስተምረውን እንመልከት። የተዋሕዶ ልጅ ገና በሰንበት ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ሃይማኖቱ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ ይኸውም ምሥጢረ ሥላሴን፣ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ምሥጢረ ጥምቀትን፣ ምሥጢረ ቍርባንንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን ይማራል፤ ስለ ምግባሩ ደግሞ ከዐሠርቱ ትእዛዛት ጋር ስድስቱን ቃላተ ወንጌል ያጠናል፤ እነርሱም ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ በፍርድ ቀን እንደሚጠይቃቸው የተናገራቸው፣ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመን መጠየቅና የታሰረን መጎብኘት ናቸው። በዚህ ትምህርት ሃይማኖትና ምግባር ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው ስለሚነገሩ፣ አንዱን ያለ ሌላው መጥራት ለጆሮ እንኳ የጎደለ ይመስላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1547 በትሬንት ጉባኤ እንደ ወሰነችው፣ የድኅነት መጀመሪያ ሰው ያልሠራበት የእግዚአብሔር ጸጋ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰው ከጸጋው ጋር አብሮ መሥራት አለበት፣ እምነቱም በፍቅርና በምግባር ያድጋል። እንደ ቃለ ሕይወት ያሉ ወንጌላውያን ደግሞ ሰው የሚድነው በጸጋ፣ በእምነት ነው፤ ምግባር የድኅነት ፍሬ እንጂ ዋጋ አይደለም ይላሉ። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው ከሦስቱ ማንም «ምግባር አያስፈልግም» አላለም፣ ማንም «ያለ እግዚአብሔር ምሕረት በሥራዬ እድናለሁ» አላለም፤ ልዩነቱ ያለው ምግባር በድኅነት ታሪክ ውስጥ የት ይቁም በሚለው ነው፤ ይህም ቀላል ልዩነት ባይሆንም ሰፈር ውስጥ እንደሚወራው ያለ ልዩነት አይደለም።

ከሐዋርያት መካከል እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ መስለው የሚጠቀሱት ቅዱስ ጳውሎስና ቅዱስ ያዕቆብ ናቸው፤ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንደሚጸድቅ ሲጽፍ፣ ያዕቆብ ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራም እንደሚጸድቅ ጽፏልና። የሚያስደንቀው ሁለቱም ምስክር አድርገው የጠሩት አንዱን ሰው፣ አብርሃምን መሆኑ ነው። ነገር ግን ጳውሎስ የሚያቆምልን አብርሃም ገና ልጅ ሳይወለድለት ከዋክብትን እያየ የተነገረውን ተስፋ ያመነበትን ሌሊት ነው፤ ያዕቆብ የሚያቆምልን ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ያው አብርሃም የተወለደለትን ይስሐቅን ይዞ ወደ ተራራ የወጣበትን ቀን ነው። አንዱ መጀመሪያውን፣ ሌላው ፍጻሜውን አሳየን፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ዕድሜ አለ። የተከራከሯቸውም ሰዎች የተለያዩ ነበሩ፤ የጳውሎስ ተከራካሪዎች ከአሕዛብ ያመነ ሰው ካልተገዘረ አይድንም የሚሉ ሲሆኑ፣ የያዕቆብ ተከራካሪ ግን የታረዘውንና የተራበውን ወንድም በምርቃት ብቻ የሚሸኝ ምእመን ነበር። ጳውሎስ ራሱ ለኤፌሶን ሰዎች መዳን ከሥራ አይደለም ባለበት አንቀጽ፣ ሳይርቅ፣ በክርስቶስ የተፈጠርነው መልካሙን ሥራ ልናደርግ መሆኑን መጨመሩን አንዳንድ ሰባክያን ዘልለው ያልፉታል፤ መዝለል ግን አይገባም ነበር።

በአውሮፓ ይህ ክርክር የተነሣው የኃጢአት ሥርየት ደብዳቤ በገንዘብ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1517 ማርቲን ሉተር በተቃወመ ጊዜ ነው። ሉተር የያዕቆብን መልእክት እ.ኤ.አ. በ1522 ከገለባ ጋር እስከ ማነጻጸር ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ለሮሜ መልእክት በጻፈው መቅድም እምነት ሕያው ነገር መሆኑን፣ ሥራ አለ ወይ ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ እንኳ ሳይሠራ እንደማይቆይ አስተምሯል። ከዚህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊቀር የማይገባው አንድ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1534፣ በሀገራችን የግራኝ ጦርነት በበረታበት ዘመን፣ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ቪተንበርግ ተጉዞ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ ሉተርም ሥርዓታቸው ቢለያይም በእምነት መስማማታቸውን ገልጾ የአደራ ደብዳቤ ሰጥቶታል። እንግዲህ ዛሬ በጌጃ ሰፈር መንገድ ላይ የሚደረገው ንግግር አንዱ ወገን ከውጭ ያመጣው፣ ሌላው ትናንት የሰማው አዲስ ነገር ሳይሆን፣ ከ400 ዓመት በላይ አስቀድሞ በአንድ ኢትዮጵያዊ ዲያቆንና በአንድ ጀርመናዊ መምህር መካከል በትሕትና የተደረገ ንግግር ነው።

በእኛ ሀገር ግን ይህን ነገር ከየትኛውም ጉባኤ ውሳኔ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ልብ ያስገባው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ በተአምረ ማርያም የሚገኝ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ካደረጉበት ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲሰማ የኖረ፣ ይልቁንም የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገር ነው። በላዔ ሰብእ የቤተ ሰቡን ሳይቀር የ78 ሰው ሥጋ የበላ፣ ከሰው ተራ የወጣ ሰው ነበር፤ በመንገድ የለምጽ በሽተኛ ያገኘዋል፤ በሽተኛው በውኃ ጥም ተቃጥሎ በልዩ ልዩ ስም ይለምነዋል፣ በመጨረሻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ይራራና ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ከሞተ በኋላ ሥራው በሚዛን ሲመዘን 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላው ወገን ትሆናለች፤ እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍባት ውኃዋ ትመዝናለች፤ በላዔ ሰብእም ይማራል።

ይህን ታሪክ ከወንጌላውያን ወገን የሆኑ ብዙ ሰዎች «እነሆ በሥራ መዳንን የሚያስተምር ተረት» ብለው ይጠቅሱታል፤ ከተዋሕዶም ወገን ሳይመረምሩ የሚሰሙ አንዳንዶች «ጥቂት ብሰጥ ብዙ ይሠረይልኛል» ብለው ለስንፍናቸው መደገፊያ ያደርጉታል። ሁለቱም ሚዛኑን በደንብ አላዩትም። ታሪኩ በሥራ ብዛት መጽደቅን ሊያስተምር ቢፈልግ ኖሮ በላዔ ሰብእ ገዳም ያንጽ፣ ሀብቱን ለድኃ ያካፍል፣ በምድረ በዳ 40 ዓመት ይጹም ነበር፤ ተራኪው ግን በሰው እጅ ሊያዝ ከሚችለው ነገር ሁሉ የመጨረሻውን ትንሽ ነገር፣ በጣት መካከል የሚያመልጠውን ውኃ መረጠ። ጥርኝ ውኃ በራሷ 78 ነፍስ ልትመዝን አትችልም፤ የመዘነችው በላይዋ ካረፈው ጥላ የተነሣ ነው። ስለዚህ ሕዝባችን ስለ ምግባር የሚተርከው እጅግ የታወቀው ታሪክ ወደ ውስጡ ሲገባ ስለ ምሕረት የተነገረ ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ ምሕረቱም በባዶ ሚዛን ላይ አላረፈም፤ ውኃዋ ነበረች፤ የተጠማውም ሰው በእርግጥ ጠጥቷል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው በላዔ ሰብእ ውኃውን በሰጠ ጊዜ ስለ ሚዛን አለማሰቡ ነው። የተሰጠው ለበሽተኛው እንጂ ለሚዛኑ አልነበረም።

በጌታ ምሳሌም ይኸው ነገር ይገኛል። በ25ኛው የማቴዎስ ምዕራፍ በቀኝ የቆሙት ጻድቃን ስላበሉትና ስላጠጡት ሲመሰገኑ መቼ እንዳደረጉት ይጠይቃሉ፤ አያስታውሱትም። ሒሳብ የያዘ ሰው እንደዚህ አይጠይቅም። ስድስቱን ቃላተ ወንጌል የሚያጠኑ ልጆቻችን ቃላቱን ከማጥናት ጋር ይህን የጻድቃኑን መደነቅ ቢማሩት፣ የሃይማኖትና የምግባር ክርክር ግማሹ በዚያው ይፈታ ነበር እላለሁ።

ወደ ሌላው ወገን ስንመለስ፣ «በእምነት ብቻ» የሚለው ትምህርት በሀገራችን ሰነፍ ምእመን አላወጣም። የጌጃዋ ቤተ ክርስቲያን የምትገኝበት የቃለ ሕይወት ማኅበር ታሪኩ የሚጀምረው በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ከገቡበት ጊዜ ነው። ይኸው ሚሲዮን ወደ ደቡብ ወርዶ ወላይታ ሲያስተምር ከቆየ በኋላ ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣው የተጠመቁት ከ50 ያነሱ ነበሩ፤ ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። በዚያ የጭንቅ ዘመን ብዙዎቹ ታስረው ነበር፤ በእስር ቤት ደግሞ ዘመድ ካልወሰደለት በስተቀር እስረኛ የሚበላው አልነበረውም። ከሚሲዮናውያኑ አንዱ ሬይመንድ ዴቪስ እንደመዘገበው፣ ምእመናኑ ለታሰሩ ወንድሞቻቸው ይወስዱት የነበረው ስንቅ ከእነርሱ አልፎ ሃይማኖታቸውን ለማይጋሩት እስረኞችም እስኪበቃ ድረስ ነበር። በጸጋ እንጂ በሥራ አንድንም እያሉ የተማሩ ሰዎች፣ ገና ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይማሩ፣ ስድስተኛውን የወንጌል ቃል፣ የታሰረን መጎብኘትን፣ ሳይቆጥሩት ፈጸሙት። ላምቢና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ አሠርተዋል፤ ይህም በኋላ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1965ም የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት የተመሠረተበት ግቢ ነው። በበላዔ ሰብእ ታሪክ ጥርኝ ውኃ የለመነው በሽተኛ በዚያ ግቢ ውስጥ ፋሻ የሚቀየርለት፣ ቁስሉ የሚታጠብለት ሰው ሆኖ ይታየኛል።

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገርለት የምፈልገው ሰነድ አለ። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ ሆነው ሳሉ፣ በወንጌል ስብከትና በሰው ልጅ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። የደብዳቤው ምክንያት ይህ ነበር፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሚገኙ ረጂዎች ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለእርሻ ሥራ ገንዘብ በብዛት ሲሰጡ፣ ለስብከትና ለሰባክያን ሥልጠና ግን እጃቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር፤ መስፈርቱንም የሚያወጡት እነርሱ ነበሩ። የኢትዮጵያይቱ ቤተ ክርስቲያን መልስ ሰውን ነፍሱን ለብቻ ሥጋውን ለብቻ ከፍሎ መርዳት አይቻልም፤ ሰው ሁለንተናው አንድ ነው፤ ቃሉን ትቶ ዳቦውን ብቻ ማቅረብም፣ ዳቦውን ትቶ ቃሉን ብቻ ማቅረብም ሰውን ማጉደል ነው የሚል ነበር። እስከዚያ ድረስ ክርክሩ የሚነሣው ምግባር በጎደለበት ሃይማኖት ላይ ነበር፤ ይህ ደብዳቤ ግን ነገሩን ገልብጦ፣ ምግባሩን እየሰጠ ሃይማኖቱን ለሚሸሽግ ለባለጠጋው ዓለም ጥያቄ አቀረበለት። ድኃው የሚያሳዝነው እንጀራ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ስለ ነፍሱ የሚያናግረው ሰው የሚሻ ምሉዕ ሰው ነውና። ነገሩ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ፌዴሬሽኑ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ በናይሮቢ ስለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ አደረገ።

ቄስ ጉዲና ትምህርታቸውን በወረቀት ላይ አልተዉትም። በደርግ ዘመን ከሀገር እንዲወጡ የቀረበላቸውን ዕድል ሳይቀበሉ ከምእመናኑ ጋር ቆዩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከነበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱና ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለ እምነትና ስለ ሥራ ብዙ የተጻፈ አለ፤ የጻፈውን በሕይወቱ የፈረመበት ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሰፈሩ እንመለስ። በጌጃ ሰፈርና በልደታ ዙሪያ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ በደጅ ይሰበሰባል፤ ባቄላው፣ ሽንብራው፣ ስንዴው በአንድ ድስት ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆናል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ቡናው ይፈላል፤ በዚያ ቀን የሚያልፍ መንገደኛ ማን ነህ ሳይባል ይዘገንለታል። በየወሩም የጽዋ ማኅበርተኛ በየተራው ዝክር ያወጣል። የዝክር መሠረቱ ለቅዱሳን የተሰጠው ቃል ኪዳን ሲሆን፣ በስማቸው የተራበን ማብላት ዋነኛ ፍሬው ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ዝክሩን የሚበላው ተርቦ የሚያድር ሳይሆን ጠግቦ የመጣ ሰው ነው፤ ነዳያኑ ከደጅ ይቆማሉ፣ የሚደርሳቸውም ከገበታው የተረፈው ነው። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ ጸበሉ ጸዲቁ ለድኃ ካልደረሰ ዝክሩ የጎረቤት ግብዣ እንጂ ምጽዋት አይባልም። በወንጌላውያን ቤትም ዐሥራቱን ሳያጓድል የሚያወጣ፣ ነገር ግን የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ወር አሳልፎ ወር የሚያቆይ ሰው አለ፤ ያዕቆብ በዚያው መልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ መጻፉን ግን በአምልኮው መካከል አያስታውስም። በዚህ በደል ላይ ሁለቱ ጎረቤቶች ሳይከራከሩ ይስማማሉ፤ ይህ ዓይነት ስምምነት ሊያሳፍረን ይገባል።

የሚያኮራው ስምምነት ያለው በዕድሩ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ዕድርተኛው የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጸሎተ ፍትሐት ቢደረግለትም፣ በመዝሙር ቢሸኝም፣ ለቀስተኛው እስከ ሰልስት ድረስ ከኀዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ በሀገራችን በብዙ ቦታ ሃይማኖቱን ለወጠ ተብሎ ከዕድር የተሰረዘ፣ መቀበሪያ እስከ መከልከል የደረሰ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ሃይማኖታችንን እንጠብቃለን ያሉ ሰዎች ከሬሳ ጋር የተጣሉ ናቸው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በልደታ መልሶ ማልማት አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደየኮንዶሚኒየሙ በተበተነ ጊዜ፣ ጉርብትናው ሲፈርስ ዕድሩን ይዘው የቀሩ፣ ከከተማው ዳር ድረስ ለቀብር የሚመላለሱ ብዙዎች ናቸው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሃይማኖት ሳይጠይቅ፣ በሃይማኖት ስምም ሳይሆን መልካም ስለሚሠራ ሰው ምን እንላለን? በአዲስ አበባ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ የሚረዳው መቄዶንያ መርሑ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው፤ ከሁሉም ሃይማኖት የመጡ ሰዎች ያግዙታል። ሦስቱ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጥያቄ ላይ ሁሉም የሚጠቅሱት አንድ ሰው አለ፤ እርሱም በሐዋርያት ሥራ በ10ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ነው። ከአሕዛብ ወገን ሆኖ ሳይጠመቅ ምጽዋትና ጸሎት ያዘወትር ነበር፤ ምጽዋቱም በእግዚአብሔር ፊት መታሰቡን መልአክ ነገረው፤ ሆኖም ጴጥሮስን አስጠርቶ እንዲማር ታዘዘ። የተዋሕዶ መምህራን ምግባሩ ወደ ሃይማኖት እንደመራው፣ ወንጌላውያን ምግባሩ ብቻውን እንዳልበቃው፣ ካቶሊካውያን ጸጋ ከሃይማኖት አስቀድሞ ልብን እንደሚያዘጋጅ ያስተምሩበታል፤ ሦስቱም ያሉት በጽሑፉ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ጴጥሮስ ነው። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ቤት መግባት ለአይሁዳዊ የተከለከለ መሆኑን በዚያው ቤት ቆሞ ተናግሯል፤ ከሰማይ የወረደውን ሸማ የመሰለ ዕቃ 3 ጊዜ ሳያይ በፊት እግሩ ያንን ደጅ አይረግጥም ነበር። ገና ያልተጠመቀ ሰው ምጽዋት ያመነውን ሐዋርያ ከተቀመጠበት አስነሥቶ ከኢዮጴ እስከ ቂሣርያ አስኬደው፣ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላም አስተማረው፤ ቆርኔሌዎስ በዚያ ቀን ሃይማኖትን ከጴጥሮስ ሲቀበል፣ ጴጥሮስ ደግሞ ከቆርኔሌዎስ ምጽዋት የተነሣ ሳያውቀው የኖረውን የሃይማኖቱን ስፋት ተማረ።